የቆርቆሮዋ ፒካፔ

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን፣ እዚያው ከተማ ኒውላንድ ሰፈር እየኖርኩ በአሮጌዋ ፒካፔ ወደ ጎግ ወረዳ ሰው አመላልስ ነበር። ያቺን መኪና ከመውደዴ ብዛት ከዘይት ቆርቆሮ አምሳያዋን ሠራሁ። ስፖኪዮዋ፣ የተጣመመው ፓራውልቷ፣ በየጎማው ስድስት ስድስት ብሎን እንኳ አልቀረም።

ጎረቤቴ ሽማግሌው ኦጁሉ ቀትር ላይ ምንጣፋቸውን ይዘው መጥተው መኪናዬ ጥላ ውስጥ ይተኙ ነበር። አንድ ቀን ሳላያቸው እንዳልድጣቸው እያልኩ ሁሌ እበሳጭ ነበር። ያም ሆኖ ሥራዬን እንዲያደንቁልኝ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩና፣

“ሹፌር፣ ይሄ ያንተ መኪና አይደለም” አሉኝ።

“እንዴት?”

“ያንተ የኋላ ጎማ፣ በእኔ በኩል ያለው፣ ብሎን ሦስት ብቻ ነው። ተኝቼ ሁልጊዜ አያለሁ።”

ደሜ ፈላ። ላሳፍራቸው ይዣቸው ወጣሁና ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ። ሦስት! በማግስቱ አሥራ አንድ ሰው ልጭንባት ነበር።

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“እንደዚያ የተሠራ መስሎኝ።”

እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንጣፋቸውን የማነጥፈው እኔ ሆንኩ፤ አንድ ቀን በግራ ጎኗ፣ አንድ ቀን በቀኝ።