አባቴ የሸፈነው ሰው

እህቴን የገደላት ከቴፒ ቡና ጭኖ የሚመጣ የጭነት መኪና ነበር። ሹፌሩ ጠጥቷል። ሚዛን ከተማ መግቢያ ኩርባው ላይ ሚኒባስ ልቅደም ብሎ ከመንገዱ ወጣና፣ ዳር ይዛ ከእኔ ጋር ከጸሎት የምትመለሰውን እህቴን ከግንብ ጋር አጣበቃት። ጫማዬ ውስጥ የገባውን ጠጠር ላራግፍ ቆሜ ነው የቀደመችኝ። ደሟ ነጠላዬ ላይ ተረጨ። ፊቷን አላየሁትም፤ የሚታይ ፊት አልተረፋትም።

ሰዉ ሹፌሩን ከጋቢናው ጎትቶ አወረደው። እርግጫ፣ ዱላ፣ ድንጋይ። ጥርሱ ሲረግፍ አይቼ ደስ አለኝ፤ ዛሬም አላፍርበትም። እኔም ድንጋይ አነሳሁ።

አባቴ የደረሰው ያኔ ነው። መጀመሪያ የልጁን ሬሳ አየና መሬት ወደቀ። ከዚያ ተነስቶ ሕዝቡን ሰንጥቆ ገባና ሹፌሩ ላይ ተደፋበት። ድንጋዩ እሱ ላይ ወረደ። አንዱ ጆሮው ሥር ፈነከተው።

"ሕግ አለ! ለሕግ ተዉት!" እያለ ይጮህ ነበር። ፖሊስ እስኪመጣ ከላዩ አልተነሳም።

ለቅሶ ቤት ውስጥ አጎቴ የአባቴን አንገት ሊያንቅ ደረሰ። "የልጅህን ገዳይ አቅፈህ አዳንከው!" አለው። አባቴ "ያዳንኩት ለዳኛ ነው" አለው። እኔ ግን ምግቡን እንኳ ፊቱ ጣል አድርጌለት እሄድ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ሹፌሩን ጥፋተኛ አለው። ቅጣቱ ሲነበብ ግን አጭር እስራት ሆነ፤ እሱም በገደብ። ተከሳሹ ተደብድቦ ተጎድቷል፣ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ የሟች አባትም በአካላቸው ሸፍነው ማዳናቸው ቂም እንደሌላቸው ያሳያል ተባለ። ሰውየው እኛ በገባንበት በር ወጥቶ ቤቱ ሄደ።

ዐቃቤ ሕጓ ወጣት ናት፤ እንባዋን እየዋጠች ቅጣቱ አንሷል ብላ ይግባኝ አለች። አባቴ በአደጋው ቀን ደም የነካውን ኮት አሳጥቦ ለብሶ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሄደ። ሌላ ደህና ልብስ አልነበረውም። ዳኞቹ ፊት ሳይፈቀድለት ብድግ አለ።

"ጌቶቼ፣ እኔ ይቅር አላልኩም። ከድንጋይ ያወጣሁት ለእናንተ ላስረክበው ነው። የእኔን ጀርባ ለእሱ ማቅለያ አታድርጉብኝ።"

"ይቀመጡ አባት" አሉት የመሃል ዳኛው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሥር ፍርድ ቤቱ ቅጣት ጸንቷል ተባለ።  እኔም በአባቴ ላይ የያዝኩት ቂም ያን ቀን ለቀቀኝ።

ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በገበያ ቀን፣ ሌላ የጭነት መኪና አንዲት ሙዝ ሻጭ ገጨ። ሰዉ ሹፌሩን አወረደው። አባቴና እኔ ጎደሬ ገዝተን መንገዱ ማዶ ቆመናል። ሹፌሩ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው።

"አልጠጣሁም! ፍሬን እምቢ ብሎኝ ነው!" ይላል። አንድ ድንጋይ አፉ ላይ አረፈ። እንደገና ሊጮህ ሲል በደም ታፈነ።

 የአባቴን ክንድ ያዝኩ። "አባዬ፣ ሊገድሉት ነው! ድረስለት!"

አባቴ ጆሮው ሥር ያለውን ጠባሳ ዳሰሰ።

"አውጥቼ ለማን ላስረክበው?" አለኝ።

ጎደሬውን ተሸክሞ መንገድ ጀመረ። ከኋላችን የልጁ ድምፅ ሲቆም እንኳ ዞር ብሎ አላየም።