የአባባ ሰይድ መስፍ

ሥራዬ ፈንጂ በምን ያህል ምት ሊፈነዳ እንደሚችል በኮምፒውተር አስቀድሞ መገመት ነው። ባለፈው ክረምት አክስቴን ልጠይቅ ግራና ከተማ ሄጄ፣ ጎረቤቷ አባባ ሰይድ ማረሻ ሲቀጠቅጡ አየኋቸው። መስፍ አድርገው ከሥር ያስቀመጡት፣ የሚቀጠቅጡበት ብረት ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ነው!

ብጮህ ደንግጠው መዶሻውን ይጥሉበታል ብዬ ፈራሁ።

"አባባ፣ መዶሻውን ቀስ ብለው መሬት ላይ ያስቀምጡና ሰላም ይበሉኝ" አልኳቸው።

"እጄ እኮ ጥላሸት ነው ልጄ" እያሉ መጡ። እጃቸውን ሳልለቅ ይዣቸው ራቅሁ፤ ሰፈሩንም አስለቀቅሁ።

ፈንጂ አምካኞች መጥተው ወሰዱትና ሰው የሌለበት ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሲያፈነዱት ምድሩ ተንቀጠቀጠ።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ አባባ ሰይድ። "ባንተ ሂሳብ ስንት ምት ይችል ነበር?"

"አንድም አይችልም።"

"እኔ እኮ ሁለት ዓመት ቀጥቅጬበታለሁ። አብሽር ልጄ፣ ሂሳቡን እንደገና ሥራው!"