ፈቃድ ወጥቼ ያየሁት ሸማ

ሁለት ዓመት ሙሉ የዓመት ፈቃድ አልወጣሁም ነበር። ከዚያ በፊትም ለለቅሶና ለሠርግ እየቆራረጥኩ ነበር የምጨርሰው። ጉለሌ ውስጥ ባለ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ፈቃድ ልጠይቅ ስል ትዕዛዝ ይደራረባል፤ አለቃዬ «ትንሽ ብናቆየውስ?» ይለኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ። ቤት ውዬ ምን እንደምሠራም አላውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት አዲሷ የሰው ሀብት ኃላፊ አስጠራችኝ። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች።

«ፈቃድዎ ተጠራቅሟል» አለችኝ። «ሕጉ ከዚህ በላይ እንድናስተላልፈው አይፈቅድልንም። ከሰኞ ጀምሮ ይውጡ።»

«በገንዘብ ይቀየርልኝና ልሥራ።»

«እሱ ሥራ ሲለቁ ብቻ ነው። ፈቃዱ የተሰጠዎት እንዲያርፉበት ነው።»

ባለቤቴ ሸማኔ ነው። ጓሯችን ባለች ቆርቆሮ ቤት እየሸመነ ሽሮ ሜዳ ላሉ ሱቆች ያስረክባል። ሥራ ስሄድ ገና አልጀመረም፤ ስመለስ ጨርሷል፤ እሑድ አይሠራም። ልጆች ወልደን፣ አሳድገን፣ ድረናል፤ እሱ ሲሸምን ግን ቁጭ ብዬ አይቼው አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ዱካ ይዤ የሚሸምንበት ቤት በር ላይ ተቀመጥኩ። እግሮቹ ከታች ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ያፈራርቃሉ፤ መወርወሪያው ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ይበራል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ዝግ አለ። ድሩን በጣቶቹ እየለየ ባለቀለም ክር ያስገባበት ጀመር። ፊት ለፊቱ የሚያየው ምንም ሥዕል የለም። ከባዶው ነጭ ላይ መስቀል ወጣ። ከጎኑ ሌላ፣ በዙሪያው ደግሞ እንደ ቅጠል ያለ ሐረግ።

«ከየት እያየህ ነው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ጥለቱን።»

እጁን አቁሞ አሰበ። «እኔ እንጃ። አባቴ ሲሠራ ሥሩ ተቀምጬ አይ ነበር። እጄ ላይ የቀረ ይመስለኛል።»

እኔ የተዛነፈ ስፌት ከሩቅ የምለይ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ስህተት መፈለጉን ረሳሁት። ይህን የሚያህል ነገር በየቀኑ ሲያበጅ ይውልና፣ ማታ «እንዴት ዋልክ?» ስለው «ደህና» ብቻ ነበር የሚለኝ።

ፈቃዴን እዚያው ጨረስኩት። ክር ማጠንጠን አስተማረኝ፤ ስበጥስበት ሳይስቅ ይቀጥልልኝ ነበር።

ሥራ እንደገባሁ የሚቀጥለውን ዓመት ፈቃዴን አስያዝኩ።

«ምነው፣ ገና አሁን ገብተሽ?» አለ አለቃዬ።

«ማየት የጀመርኩት ነገር አለ» አልኩት።