እናቴ ሁሉቃ ዳር ያስተማረችበት ቀን

ትናንት ባኮ፣ ከምኖርበት ቤት አጥር ሥር አረም ስነቅል ሳማ ጣቴን ለበለበኝ። ወዲያው የክረምት ጭቃ ሸተተኝና በሐሳብ አምቦ፣ ዘጠነኛ ክፍል ተመለስኩ።

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ክረምት በገባ ቁጥር ሁሉቃ ወንዝ ዳር እየወረደች ሳማና አሉማ የሚባለውን የዱር ጎመን ለቅማ ታበላን ነበር። እጇን በፌስታል ጠቅልላ ለጋ ለጋውን ትቀነጥሳለች። እኔ ከጎኗ ሆኜ፣ የክፍሌ ልጆች በድልድዩ ሲያልፉ ፊቴን አዞራለሁ። አንድ ቀን ግን አዩኝ። ከዚያ ወዲያ ስሜ «ሳማ በሊታዋ» ሆነ።

በዚያው ሰሞን የባዮሎጂ መምህራችን ወንዙ ዳር ወሰደን። ለየቡድኑ ትንሽ ትንሽ መሬት በገመድ ከለለልንና «ስንት ዓይነት ተክል አለበት? ቁጠሩ» አለን።

«ቲቸር፣ ሁሉም ሳር ነው» አለ ያን ስም ያወጣልኝ ልጅ።

የእኛ ቡድን አራት ቆጥሮ ቆመ። እኔ ግን አላስቻለኝም። ተንበርክኬ እያንዳንዱን በጣቴ እየነካሁ በስሙ ጠራሁ። አሥራ ሰባት ደረስኩ።

«ማን አስተማረሽ?» አለ መምህሩ።

ሁሉም አዩኝ። «እናቴ» አልኩ ጮክ ብዬ።

በሳምንቱ መምህሩ ጋብዟት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወንዙ ዳር መጣች። «አደ፣ ዛሬ መምህሯ እርስዎ ነዎት» አላት መምህሩ፣ በኦሮምኛ «ወይዘሮ» ብሎ አክብሮ።

«ከአንድ ቦታ ሁሉንም አትቀንጥሱ» አለችን። «ለዘር ይቅር፣ ለንብም ይቅር። ያላወቃችሁትን ደግሞ አፋችሁ አታስገቡ።»

ያን ስም ያወጣልኝ ልጅ ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ «እማማ፣ እንዴት ነው የማይለበልብዎት?» ይላት ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ በዚያ ስም የጠራኝ የለም። እኔም አድጌ የዕፅዋት ባለሙያ ሆንኩ።

አምና ክረምት አምቦ ሄጄ አብረን ወንዙ ዳር ወረድን። ያ ሁሉ ዓይነት ቅጠል የነበረበት ቦታ በአንድ ዓይነት ነጭ አበባ ተሸፍኗል። እናቴ ብዙ ቆማ አየችው።

«ኩን ማሊ?» አለችኝ በኦሮምኛ፤ ይህ ምንድን ነው? የተክል ስም ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ቅንጨ አረም ነው እማዬ። ከውጭ የመጣ ነው፤ ሌላውን አያስበቅልም።»

«ታዲያ ምን ቆመን እናያለን?»

ጎንበስ ልትል ስትል ጉልበቷ እምቢ አላት። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳትና ጓንቴን አጥልቄ መንቀል ጀመርኩ። እስኪመሽ ድረስ፣ በጣቷ እያመለከተች፣ «ያቺ ቀርታለች... ያቺም» ትለኝ ነበር።