ለእርቅ የተሸከምኩት ድንጋይ

ትናንት ጠዋት ፍርድ ቤት የገዛ ምስክሬ ጉድ ሠራኝ። ያውም ሳይዋሽ... ምሎ፣ እውነቱን ተናግሮ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አርክቴክት ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ትንሽ ቢሮ አለችኝ። ብዙው ሥራዬ ግን መንዝ ነው፣ ያገሬ ሰው ነው የሚያሠራኝ። ጋሽ ሸዋንግዛውም ሞላሌ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሊሠራ መጣና ፕላን አወጣሁለት። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ግን ይቅርብኝ።

የቤቱ ታችኛው ክፍል አዳራሽ ነው። መሀሉ ላይ ፎቁን የተሸከመች አንዲት የኮንክሪት ምሰሶ አለች። ግንባታው ሊያልቅ ሲል ደወለልኝ።

«እቺ ምሰሶ እኮ ሙሽሮቹን ትጋርዳለች። አዳራሹን ለሠርግ ነው የማከራየው። ባነሳትስ?»

«ጋሼ፣ እንዳይነኳት! ፎቁ የቆመው በእሷ ነው!»

«እሺ፣ እሺ» ብሎ ዘጋው። በጽሑፍ አላስጠነቀቅሁትም። ላገር ሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መላክ እኛ ዘንድ ጠብ መፈለግ ነው።

አስነሳት። ብዙም ሳይቆይ የፎቁ ወለል ተደርምሶ ወረደ። ከሥሩ ሚስቱ እትዬ የሺ ነበሩ... አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቦታውን ልለካ የሄድኩ ቀን ጠላ ቀድተው፣ የገብስ ቆሎ አቅርበው «ብላ እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሃል» ያሉኝ ሴት ናቸው። ስሰማ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ግን ከሰሰኝ። «ምሰሶዋን አንሳት ያለኝ እሱ ነው፣ በስልክ» አለ። ፕላኑ ላይ ምሰሶዋ ቁጭ ብላለች፤ ስልኩን ግን ከሁለታችን በቀር የሰማ ሰው የለም። ከተፈረደብኝ የሙያ ፈቃዴ ሄደ፣ ቢሮዬም ተዘጋ ማለት ነው።

ጠበቃዬ ኮስታራ ሴት ናት።

«ሞላሌ ድርሽ እንዳትል። ይቅርታ የምትባል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። ጥፋቱን ካመንክ የሙያ ኢንሹራንስህም አይከፍልልህም፤ ውሉ ላይ አለ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ከዚያ መምሬ ጌጤ ደወሉ። ክርስትና ያነሱኝ ቄስ ናቸው፤ እዚያ አካባቢ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ነው።

«ልጄ፣ አንተ አልበደልክም። ግን ታናሽ ነህ፣ ቤቱ ደግሞ ኀዘን ገብቶበታል። ድንጋይ ተሸክመህ ግባና የሰውየው ልብ ይብረድ። ክሱንም ያነሳልሃል።»

እሳቸውን እንዴት እምቢ ይባላል? ደግሞም እውነቱን ለመናገር እትዬ የሺን ማየት ፈልጌ ነበር። ለጠበቃዬ ትንፍሽ ሳልል ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ ደጅ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ከአጥሩ ካብ ላይ አንዲት ትንሽ ድንጋይ ላነሳ ስል መምሬ ክንዴን ያዙኝ።

«ትልቁን አንሳ እንጂ! ጠጠር ይዘህ ብትገባ ንቀት ይመስልብሃል።»

ትልቁን አነሳሁ። ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ አጎንብሼ ገባሁ። ጋሽ ሸዋንግዛው ጋቢውን አስተካከለ... ጉሮሮውን ጠረገ... ይቅር ግን አላለም። አንገቴ ሊቀነጠስ ምንም አልቀረው። በስንት ልመና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለና መምሬ ድንጋዩን አወረዱልኝ። እትዬ የሺ አልጋቸው ላይ ሆነው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። የሰውየው ወንድም ገና ድንጋዩን ተሸክሜ ስገባ ጀምሮ በስልኩ ፎቶ ሲያነሳኝ አይቼዋለሁ።

«ለማስታወሻ ነው» አለኝ።

እኔ ጅሉ ደግሞ ፊቴን ጠረግ ጠረግ አደረግሁለት!

ክሱ አልተነሳም። ይልቅ ያ ማስታወሻ ማስረጃ ሆኖ ፍርድ ቤት ገባ፦ እኔ፣ አጎንብሼ፣ ይሄን የሚያህል ድንጋይ ማጅራቴ ላይ ተጭኖ። ኢንሹራንሱ ወዲያው እጁን አነሳ። ጠበቃዬ ፎቶውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የቀረን ተስፋ መምሬ ብቻ ነበሩ፤ መከላከያ ምስክር አድርገን ጠራናቸው።

ትናንት እንግዲህ ያ ቀን ነበር። እትዬ የሺ በክራንች መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። ቀና ብለውም አላዩኝ።

ጠበቃዬ ቀጥ ብላ ጠየቀች። «አልበደልክም ብለውት አልነበረም?»

«ብዬዋለሁ» አሉ መምሬ። እፎይ አልኩ።

የጋሽ ሸዋንግዛው ጠበቃ ተነሳ። «በስልክ የተባባሉትን ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ አለመበደሉን በምን አወቁ?»

«ኧረ እኔ የማውቀው የለም። ለማስታረቅ ያልኩት ነው። ስናስታርቅ ለሁሉም አልበደልክም ነው የምንለው። ለሸዋንግዛውም ብዬዋለሁ።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው ራሳቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«በእናንተ አገር ድንጋይ ተሸክሞ የሚገባው ማን ነው?» አለ ጠበቃው።

መምሬ አዩኝ። መስቀላቸውን ጨበጥ አደረጉ። አይናገሩም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር...

«የበደለ ነው» አሉ።

ለፍርድ ተቀጥረን ወጣን። ጠበቃዬ ሳትሰናበተኝ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ግቢው ውስጥ ፈዝዤ እንደቆምኩ መምሬ ከኋላዬ ደረሱብኝ።

«ልጄ፣ ምዬ እንዴት ልዋሽ? አስቀየምኩህ፣ አውቃለሁ። ያ ሰውዬ ግን ታርቆ ሲያበቃ ፎቶ ማውጣቱ ነውር ነው። ‹አሁን በተራህ አንተ ድንጋይ ተሸክመህ ልጁን ይቅርታ ጠይቀው› ብዬዋለሁ።»

«እና እሺ አለ?»

«ኧረ ምን እሺ ይላል! ጠበቃዬ ከልክሎኛል አለኝ።»

እኔንም እኮ ጠበቃዬ ከልክላኝ ነበር... እሱ ሰማ እንጂ።