የሰዓት ማሰሪያ ያጠብኩበት ውሃ

ቤተሰቦቼ ሲያሙኝ «እሷ እኮ ውሃም ታጥባለች» ይላሉ። ሐሰት አይደለም። እንግዳ ከወንበሩ ሳይነሳ የወንበሩን እግር የምወለውል ሴት ነኝ። አዘዞ ቤት ሠርተን የገባን ሰሞን ባሌ፣ «በዚህ አያያዝሽ ግድግዳውን አጥበሽ ትጨርሽዋለሽ» ብሎኝ ነበር። በዚህ ጠባዬ ስኮራ እንጂ ሳፍር ኖሬ አላውቅም። አሁን አፍራለሁ፤ ያሳፈረኝም የአባቴ የእጅ ሰዓት ነው።

አባቴ ኮሶዬ የሚኖር ገበሬ ነው። ሰዓቱን የገዛው እኔ ጡት ሳልጥል፣ ሳንጃ ወርዶ ሰሊጥ ባጨደበት ገንዘብ ነው። መርፌ የለውም፤ ጊዜውን በቁጥር ነው የሚናገረው፤ ከፊቱ እስከ ማሰሪያው ብረት በብረት ነው። ጎኑ ላይ ያለችው ቁልፍ ስትጫን መብራት ይበራል። ልጅ ሳለሁ ያቺን ቁልፍ ለመጫን ስል ያልተላላክሁት መልእክት የለም። የማሰሪያው አንጓዎች የእጁን ጸጉር እየያዙ ይነቅሉበታል። እሱ ፊቱን ጭምድድ አድርጎ «ግብሩን እየሰበሰበ ነው» ይላል፤ እኛ እንስቃለን። ባትሪው ስንቴ እንደተቀየረ እንጃ፤ ማሰሪያው ግን ያው የጥንቱ ነበር።

አምና ሰዓቱን የሚያስርበት እጁ ደነዘዘ። መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ኋላም መዳፉ። ያ እጅ እርፍ የሚጨብጥበት እጅ ነው። መሬቱን ጎረቤት ሲያርስለት ድንበር ላይ ቆሞ ማየት ከሕመሙ ይብስበት ነበር። «መሬቱን ለእኩል አራሽ ከሰጠሁ ከዚያ ወዲያ የምጠብቀው ሞቴን ነው» አለኝ አንድ ቀን በስልክ፤ ቀልድ አልነበረም። ጠበል ገብቶ ሰነበተ፤ ከዚያም በኔ ጭቅጭቅ ሐኪም ሊያየው ጎንደር ወረደ፤ እኔ ቤት አረፈ።

ከቤቴ እንደገባ ያየሁት ሰዓቱን ነው። ክንዱ ከስቶ ሰዓቱ እስከ ክርኑ ይሮጣል። መቆለፊያው ላልቶ በክር አስሮታል። በአንጓዎቹ መሐል ደግሞ ግራጫ ነገር ተጠቅጥቆ ደርቋል።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? እርሻውን ተሸክመኸው ነው የመጣኸው?» አልኩት። ባሌ ሳቀ፤ ጥየቃ የመጣችው ጎረቤቴም ሳቀች። አባቴ ፈገግ ብሎ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

«ተይው ልጄ፣ ምንም አይል።»

«ምን ምንም አይል ትላለህ! ሐኪሙ ምን ይላል? ልጅ የለውም ወይ አይልም?»

«እሱ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

አላስጨረስኩትም። ክሩን በጥርሴ በጥሼ፣ ሰዓቱን ከእጁ ላይ አወለቅሁት። ያን «እሱ እኮ» አሁን ድረስ እሰማዋለሁ። አንዲት ቃል ብታገሠው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

በማግስቱ ባሌ ሐኪም ቤት ይዞት ሄደ፤ እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። አራዳ ያለው ሰዓት ሠሪ በስልክ ስጠይቀው፣ አንጓ ለማውጣት መጀመሪያ ቆሻሻው መልቀቅ አለበት፣ በውሃ ዘፍዝፊው ብሎኛል። ሰዓቱን ከማሰሪያው ለየሁ። ግቢያችን ጥግ ካለው የሎሚ ዛፍ ሁለት ሎሚ ቀጥፌ፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጨምቄ፣ የዱቄት ሳሙና ነስንሼ ማሰሪያውን ነከርኩት። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ነጣ፤ አመድ የተበጠበጠበት መሰለ። የእርሻ አፈር እንዲህ ነጭ አይደለም። ይህን እያየሁ አላየሁትም፤ ደስታዬ ሌላ ነበራ! በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት፤ በመርፌ ጫፍ አንጓ ባንጓ ጎረጎርኩት። ውሃውን እየቀያየርኩ ከበራችን ፊት ለፊት ባለው ቦይ ደፋሁት። ሠፈሩ ሁሉ እጣቢውን የሚደፋበት፣ ታክሲ ለመያዝ የሚሮጥ ሁሉ የሚረግጠው ቦይ ነው።

ከዚያ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ቀስ እያልኩ አሸሁት። ጭረቱ ጠፍቶ ያ ልጅ ሆኜ የማውቀው ብረት ብቅ ሲል እንባዬ መጣ። አራዳ ሮጥኩ። ሰዓት ሠሪው ሁለት አንጓ አወጣለት፤ የላላውን መቆለፊያ በጉጠት አጠበቀው፤ የዛጉትን ቀጫጭን ሽቦዎች በአዲስ ተካ። «ይሄንን ማን አጠበው?» ሲለኝ፣ «እኔ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

አባቴ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ክኒንና ቀጠሮ ይዞ መጣ። ችግሩ የነርቭ ነው ተብሏል። እኔ ሰዓቱን ከኋላዬ ደብቄ በእልልታ ተቀበልኩት። ስሰጠው ተቀብሎ አገላበጠው። ወደ ብርሃን አድርጎ በአንጓዎቹ መሐል አየ፤ ብርሃኑ አልፎ ይታያል። ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው።

«ሸጋ አርገሽዋል» አለ። «ልጄ፣ ያጠብሽበትን ውኃ የት ደፋሽው?»

«ምነው?»

«እምነት እኮ ነበረበት፤ የጠበሉ አመድ። ጠበሉ ቦታ ጧት ማታ እጄን እምነት ሲቀቡኝ፣ ሰዓቱን ላውልቀው ወይ ብየ ቄሱን ጠየቅኋቸው። ተወው፣ የገባው ይግባ፣ ካንተ ጋር ይሰነብታል አሉኝ። ይቺ ትንሿ ጣቴ መላወስ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።»

ትንሿን ጣቱን አነሣት። እውነትም ተንቀሳቀሰች።

«ሎሚው ሥር» አልኩ። «ሎሚው ሥር ነው የደፋሁት።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ። አባቴ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። «ተመስገን። እሱ ቦታ እግር አይረግጠውም» አለና ሰዓቱን አጠለቀ። ልክ ሆነለት።

ራሴን ለማጽናናት ያልሞከርኩት የለም። ቆሻሻ ነው አልኩ፤ ላብና አመድ። እግዜር በጥርስ ብሩሽ አይታጠብም አልኩ። ጣቱን ያንቀሳቀሰው ሌላ ነገር ይሆናል፣ ከእንግዲህም ክኒኑ ያሽለዋል አልኩ። ታዲያ ነገሩ እንዲህ ቀላል ከሆነ ሄጄ እውነቱን የማልነግረው ለምንድን ነው? ከቤት ስወጣም ያንን ቦይ መርገጥ አቃተኝ፤ ነጠላዬን ሰብስቤ እዘለዋለሁ። ጎረቤቴ «ደግሞ ቦዩንም ተጸየፍሽው?» ብላ ስቃብኛለች። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ንገሪው» አሉኝ፤ እንዲያው ቀላል አድርገው።

አባቴ ለቀጠሮ ሲመጣ ቤት አይገባም፤ መጀመሪያ ወደ ሎሚው ነው። በራፉ ላይ ኮንጎ ጫማውን ያወልቃል፤ በባዶ እግሩ ሄዶ ከሥሩ አፈር በጣቱ ቆንጥሮ፣ ሰዓቱን ከፍ አድርጎ፣ አንጓውን ያሻል፤ መልሶ ሰዓቱን ያወርድበታል። ያ ቦታ የዶሮ እጣቢ ስደፋበት የኖርኩት ቦታ ነው። አሁን ማንም ጠብታ እንዲደፋበት አልፈቅድም፤ የምንጠጣውን የጀሪካን ውሃ እያጠጣሁት ነው። ያ እንደ መስታወት ያበራሁት ማሰሪያ ደግሞ ቀስ በቀስ በአንጓዎቹ መሐል ጥቁር አፈር እየሞላ ነው። እኔ፣ ውሃም የማጥብ ሴት፣ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ባለፈው ሲመጣ ልነግረው ቆረጥኩ። ገና በራፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያወልቅ ደረስኩበት።

«አባዬ፣ ያ ውሃ...»

«ነይማ፣ ነይማ፣ እዪልኝ» አለኝ። ወደ ሎሚው ሄዶ እጁን ከፍቶ ዘረጋ፤ አፈር ዘገነ፤ ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። አምስቱም ታጠፉ። ጭብጡ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ጭብጥ ነው። «ትናንት እርፍ ጨበጥሁ። ሁለት ትልም ብቻ። ሁለት ትልም ግን ራሴ አረስሁ።»

ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። ያቺን ጭብጥ በየትኛው ቃል ልክፈታት? ጎንበስ ብዬ ጭብጡን ሳምኩት። እሱ ግን የደስታ መስሎት፣ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ሌላ ሰው ቢሆን መንገድ ላይ ይደፋው ነበር» አለኝ።

ከዚያ ቀና ብሎ እግሬን አየና፣ «ምነው፣ ጫማሽን?» አለኝ።

አወለቅሁ። አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር። ከጭብጡ ትንሽ ቆንጥሮ ግንባሬን ቀባኝ፤ «አንቺም ይድረስሽ» ብሎ። ከአጥሩ ማዶ ሰዎች ታክሲ ለመያዝ ቦዩን እየረገጡ ሲሮጡ ይሰማል።

ያን ቀን ፊቴን ሳልታጠብ ዋልኩ፤ ሳልታጠብም አደርኩ።