የእስረኛ ምሳ ላደርስ ሄጄ

ባለፈው ሮብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ... አቃቂ፣ አንድ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ተሰልፌያለሁ። በእጄ የማላውቀው እስረኛ ምሳ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ምግብ የሚያደርስ መተግበሪያ ሊጀምር ነው። ያለችውን ሁሉ ሊያፈስበት ስለሆነ «በኛ ሰፈር ያዋጣ እንደሆነ እስቲ አንድ ሳምንት ሞክርልኝ» ብሎ ሞተሩን ሰጠኝ። እኔም ሥራ ፈት ነኝ፤ ከተሳካ የመጀመሪያው ተቀጣሪ እኔው ነኝ።

ያዘዘችን ቂሊንጦ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ናት። ባሏ ታስሯል፣ እሷ ደግሞ ከፈረቃዋ መውጣት አትችልም። ሁዳዴ ስለሆነ ሽሮ ነው የላከችለት።

ተራዬ ሲደርስ ፖሊሱ ዕቃውን ከፍቶ «ቅመስ» አለኝ።

«እኔ?»

«ስንቅ ያመጣ ይቀምሳል። አታውቅም እንዴ?»

በየት በኩል ልወቅ! እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፌ አይዞርም። «ጾመኛ ነኝ፣ አልቀምስም» አልኩት... ያውም ኮራ ብዬ።

ፖሊሱ የእስረኛውን ስም ጮክ ብሎ ጠራና «የዚህ ሰው ቤተሰብ አለ?» አለ። ከኋላዬ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ምሳ ዕቃውን ጥሎ መጣ። ለካ ወንድሙ ነው! ኋላ እንደሰማሁት እስረኛው በጠብ ሰው ወግቶ ነው የገባው፤ የተወጋው ሰው ዘመዶች «እንገድለዋለን» እያሉ ይዝታሉ።

«ማነው የላከህ?» አለኝ ወንድሙ።

«ሚስቱ...»

ደወለላት፣ አታነሳም። «ሥራ ሲገቡ ስልክ ያስቀምጣሉ» ብዬ ሳልጨርስ አፌን በቦክስ አለኝ። ከንፈሬ ተተረተረ። ስወድቅ ሆዴን በእርግጫ ደገመኝ፤ ሄልሜቴን ነጥቆ ጀርባዬን ወቀጠኝ። አንዱ «መርዝ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሰልፉ በሙሉ መጣብኝ። ፖሊሱ ሰውዬውን ከኋላ እየጎተተ «ተው፣ ትገድለዋለህ!» ይላል። እሱ ግን አንገቴን አንቆ አልለቅ አለ። ዓይኔ ጨለመ። እውነቴን ነው፣ ከሞቱ በላይ የፈራሁት እናቴ «ልጅሽ ሰው ሊመርዝ ሲል ሞተ» መባሏን ነው።

«እቀምሳለሁ!» አልኩ በቀረችኝ ትንፋሽ።

ለቀቀኝ። ሽሮውን ከደሜ ጋር ዋጥኩት። አንድ ጉርሻ... ሁለት... ሦስት። እንደዚያ ተዋርጄ በልቼ አላውቅም። ሰውዬው ፊቴ ቁጢጥ ብሎ ጉሮሮዬን ያያል። እስክሞት እየጠበቀ እኮ ነው!

ሩብ ሰዓት ቆየን። አልሞትኩም። ስልኩ ጠራ፤ የወንድሙ ሚስት ናት፣ ለምሳ እረፍት ወጥታ።

«አንተ ከሥራህ እንዳትቀር ብዬ እኮ ነው ያዘዝኩት...» ስትለው እኔም ሰማሁ።

ሰውዬው መሬት ላይ ዘጭ ብሎ አለቀሰ። «አፈር ስሆን ይቅር በለኝ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው» አለኝ። ተናድጄ ነበር፣ ግን ያንን ለቅሶ አይቶ ማን ይጨክናል? ውሃ አምጥቶ ፊቴን እያጠበ ቀስ ብሎ «በስንቅ ምክንያት ከሥራ ሊያባርሩኝ ነው... ነገም ታመጣለታለህ?» አለኝ።

ጓደኛዬ ደውሎ «እሺ፣ ያዋጣል?» ሲለኝ ባበጠ አፌ እንዲህ አልኩት፦ «ገበያው አለ፤ አድራሹ ግን እስከ ዘጠኝ የማይጾም ይሁን።»